ሰው ፊት መውደቅ

በወጣቶች ፕሮግራም ላይ «ዛሬ በጸሎት ማን ይምራን?» ሲባል የሚወርደውን ዝምታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዱ ጉሮሮውን ይጠራርግና መልሶ ይተወዋል። ሰነፎች ስለሆንን አይደለም፤ መጸለይ ስለማንወድም አይደለም። ብቻችንን ስንሆን የሚሳካልን ነገር ሰው ፊት ይበላሽብናል ብለን ነው። እንደ ወረኢሉ ባለች ከተማ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ሰው ሁሉ ይተዋወቃል፤ እኛ ወንጌል አማኞች ጥቂቶች ስለሆንን የሚያየን ዓይን ይበዛል። አንድ ቀን ምላሱ የተሳሰረበት ልጅ ዓመት ሙሉ በዚያች ቀን ሊነሣ ይችላል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ ሰው ፊት መውደቅ የሚያሳፍር ነገር ነው ወይ? «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» የሚለው የተለመደ መልስ አያጠግበኝም። ሊያሳፍር የሚገባ መውደቅ አለ ብዬ አምናለሁና። የትኛው እንደሚያሳፍር፣ የትኛው እንደማያሳፍር ለመለየት ግን ከኑሯችን በጣም ወደ ራቀ ስፍራ፣ ወደ በረዶ ሜዳ ልወስዳችሁ ነው። ራሳችንን ከሩቅ ነገር ላይ ቆመን ስናየው አንዳንዴ ይበልጥ ይታየናል።

ወደዚህ ነገር ያስገባችኝ ከመካነ ሰላም የመጣች፣ በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ ያደገች እህት ናት። አሁን የምትኖረው በካናዳ፣ ካልጋሪ ከተማ ሲሆን የምትሠራውም በአረጋውያን መጦሪያ ነው። በሃያ ስድስት ዓመቷ የበረዶ ላይ ሸርተቴ መማር ጀመረች፤ የሆነውንም በድምፅ እየቀዳች በቴሌግራም ትልክልኛለች። በመጀመሪያው ወር እንዲህ አለችኝ፤ «ጋሼ፣ አብረውኝ የሚማሩት የስድስት ዓመት ሕፃናት ናቸው። እነሱ ወድቀው ይስቃሉ፤ እኔ ሳልወድቅ አለቅሳለሁ።» አሁን የደረሰችበት ትምህርት ሽክርክሪት ነው፤ በአንድ ቦታ ላይ ቆሞ እንደ እንዝርት መዞር።

ወረኢሉ ብርድ አይጠፋባትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሸርተቴ የሚሠራበት የበረዶ ሜዳ ግን የለንምና ነገሩን በቃል ላስረዳችሁ። ከጫማው ሥር ብረት ተገጥሟል። ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። መሐሉ በስሱ የተቦረቦረ ስለሆነ ሁለት ጠርዝ አለው፤ የውስጥና የውጭ። ከፊት ጫፉ ላይ የመጋዝ ጥርስ የሚመስል ነገር አለ። ጀማሪ መጀመሪያ የሚማረው በሁለት እግሩ ቆሞ መዞር ነው፤ ክንዶቹን ዘርግቶ ወደ አንድ ጎን ይጠመዘዝና ራሱን ይለቃል፣ ሰውነቱ መዞር ሲጀምር ክንዶቹን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ከዚያ አንዱን እግር ማንሣት ይከተላል። ፍጥነት ይዞ፣ በአንድ እግሩ የውጭ ጠርዝ ላይ ተደግፎ ወደ ሽክርክሪት መግባት የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በአንድ እግር ተቀምጦ መዞር፣ ወገብን ወደ ፊት አጋድሞ አንዱን እግር ወደ ኋላ ዘርግቶ መዞርም ገና ወደ ፊት የሚጠብቁት ናቸው። ተቀምጦ መዞርን የፈጠረው በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን የነበረው አሜሪካዊ ጃክሰን ሄይንስ ነው ይባላል፤ ሰውየው በአገሩ ብዙም ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቶ ወደ አውሮፓ ተሻገረ፣ የሞተውም ፊንላንድ ውስጥ ነው።

እንዝርት ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ፈታይዋ እንዝርቱን ጭኗ ላይ አሹራ ትለቀዋለች። ከለቀቀችው በኋላ የሚገፋው የለም፤ ክሩ የሚከረው በዚያች በተሰጠችው ዙር ነው። በበረዶ ላይ የሚዞረውም ሰው እንዲሁ ነው። ክንዶቹን ሲሰበስብ ድንገት የሚፈጥነው ከውጭ የሚገፋው ነገር ስላገኘ አይደለም። ሲገባ ይዞት የመጣው ዙር እንዳለ ሆኖ፣ ተዘርግቶ የነበረው የሰውነቱ ክብደት ወደ መሐል ስለተጠጋ ነው። የፊዚክስ መምህራችሁን ብትጠይቁ ሕጉን ከነስሙ ይነግራችኋል። የወረኢሉ ልጅ ግን በአንድ ቃል ሊይዘው ይችላል፤ ክተት። ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. የአድዋን የክተት አዋጅ ሲያስነግሩ ለሸዋ ሰው የተሰጠው መሰብሰቢያ ወረኢሉ ነበር፤ ጊዜውም እስከ ጥቅምት እኩሌታ። ክተት አዲስ ሰው አይፈጥርም፤ በየቤቱ ያለውን ወደ አንድ ቦታ ያመጣል እንጂ። ባዶ አገር ላይ ክተት ቢታወጅ ማን ይመጣል? ባዶውን ወደ ሽክርክሪት የገባ ሰውም ክንዶቹን ቢሰበስብ አይፈጥንም። ዛቢያው የተንጋደደ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ይብስበታል፤ ቀስ ብሎ ሲዞር ያልታየው መንጋደድ ሲፈጥን ያሽቀነጥረዋል።

ይህን ስሰማ ስለ መድረካችን ማሰቤ አልቀረም። ስልክ ከመጣ ወዲህ መዝሙሩ ሳይጠና ቀረጻው ይቀድማል። «እዩኝ እዩኝ ያለ ደብቁኝ ደብቁኝ ይላል» የሚለው የአባቶቻችን አባባል የተነገረው ለዚህ ይመስለኛል።

በረዶው ደግሞ ይጽፋል። ብረቱ በሄደበት ሁሉ ነጭ መስመር ይቀራል። ሽክርክሪቱ ቀጥ ያለ ከሆነ ትናንሽ ክቦች በላይ በላይ ይደራረባሉ፤ ሰውየው ካለበት ንቅንቅ አላለም ማለት ነው። ካልሆነ ግን ክቦቹ እንደ ተተረተረ ሹራብ ክር እየተያያዙ ሜዳውን አቋርጠው ይሄዳሉ። ከሩቅ የሚያይ ሰው ሁለቱን አይለያቸውም፤ ሁለቱም ዞሩ ብሎ ያጨበጭባል። የእህታችን አሠልጣኝ ከእያንዳንዱ ሽክርክሪት በኋላ «እኔን አትዪ፣ ወለሉን እዪ» ትላታለች።

በዚህ የመስመር ጉዳይ ዓለም ብዙ ተከራክሯል። ቀደም ባለው ዘመን የዚህ ስፖርት ውድድር በሁለት ይከፈል ነበር። አንዱ ሕዝብ የሚወደው ነው፤ በሙዚቃ እየዘለሉና እየዞሩ የሚያሳዩት ነጻው ክፍል። ሌላው ግዴታ የሆነ የቅርጽ ሥራ ነበር። ተወዳዳሪው በአንድ እግሩ ቀስ ብሎ እየተንሸራተተ የፈረንጁን ስምንት ቁጥር የሚመስል ቅርጽ በረዶው ላይ ይሥላል፤ ከዚያም በዚያው መስመር ላይ ይደግመዋል። ዳኞች ኋላ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው መስመሩን ይመረምራሉ። ሙዚቃ የለ፣ ጭብጨባ የለ። አንድ ሰው ለዓመታት ጎህ ሲቀድ ተነሥቶ የሚለማመደው ይህን ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1972 በጃፓን፣ ሳፖሮ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ የኦስትሪያዋ ትሪክሲ ሹባ በቅርጽ ሥራው ሌሎቹን በሰፊው በለጠች። በነጻው ክፍል ሰባተኛ ብቻ ብትወጣም የሰበሰበችው ነጥብ በቅቷት ወርቁን ወሰደች። የአሜሪካዋ ጃኔት ሊን በነጻው ክፍል አንደኛ ሆና ሳለ በጠቅላላው ሦስተኛ ወጣች። በቴሌቪዥን የሚከታተለው ሕዝብ ያየው ነጻውን ክፍል ስለነበረ ነገሩ ግራ ገባው፤ ሰባተኛ የወጣችው እንዴት ታሸንፋለች? ቅሬታው በዛ። በቀጣዩ ዓመት የቅርጽ ሥራው ድርሻ ተቀንሶ አጭር ፕሮግራም የሚባል አዲስ ክፍል ገባ። ከ1990 በኋላም የቅርጽ ሥራ ከዓለም አቀፍ ውድድር ጨርሶ ወጣ። በዚህ ክርክር የእኔ ልብ ወደ ሹባ ያደላል። ማንም የማያየውን ሥራ ጎንበስ ብሎ የሚያይ ዳኛ መኖሩ ደስ ይለኛል።

ሆኖም ከሳፖሮ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሌላ ነገር ነው። ጃኔት ሊን ያን ጊዜ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ስለ ክርስቲያናዊ እምነቷም በግልጽ የምትናገር ልጅ ናት። በነጻው ክፍል መካከል ዘልላ፣ ስታርፍ በአንድ እግር ተቀምጣ የምትዞርበት ሽክርክሪት ላይ ወደቀች። ዱብ አለች በረዶው ላይ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ሕዝብ ፊት። ፈገግ ብላ ተነሣችና ቀጠለች። ጃፓናውያን ያቺን ፈገግታ እስከ ዛሬ አልረሷትም፤ ወርቅ ካገኘችው ይልቅ እርሷን ወደዷት። (የዓለም ነገር አስቂኝ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ለእንደ እርሷ ያሉት ይጠቅማል በተባለው በአዲሱ አጭር ፕሮግራም ላይ ደግሞ ወድቃ የዓለም ሻምፒዮንነቱ አመለጣት፤ ሁለተኛ ወጣች።)

እንግዲህ ያቺ ፈገግታ ምንድን ናት? ማስመሰል ናት እንዳንል፣ የወደቀችው የምታውቀውን ነገር ስትሠራ ነው። ተቀምጦ መዞር ጀማሪዎች እንኳ ከሁለተኛው ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚሞክሩት ነገር ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ በበረዶ ላይ ላደገች ልጅ ስንት ሺህ ጊዜ የተደገመ ሽክርክሪት መሆን አለበት! ከኋላዋ ያ ሁሉ ድግግሞሽ ነበር። ስትወድቅ የወደቀው ያ አንድ ሽክርክሪት ብቻ ነው፤ የኖረችበት ልምምድ አብሯት አልወደቀም። ለዚህ ይመስለኛል ፊቷ ያልጠቆረው።

አሁን በአጠገቧ ሌላ ሰው አስቡ። ሳይለማመድ የመጣ፣ ጫማውን እንኳ በደንብ ያላሰረ፣ «ዋናው ልብ ነው» ብሎ ሜዳው ላይ የወጣ። እርሱም ይወድቃል። ተመልካች ሁለቱን መውደቅ አይለይም፤ ሁለቱም መቀመጫቸውን መተዋል። መስመሩን ያየ ግን ይለያል። ቀደም ሲል ሊያሳፍር የሚገባ መውደቅ አለ ያልኩት ይህን ነው። «ለጌታ ነው፣ ይቀበለዋል» እያልን ያልተጠና መዝሙር ይዘን ስንወጣ፣ ሳናነብ ልናስተምር ስንቆም፣ የሚመጣው ዕፍረት የሰይጣን ክስ አይደለም። ትክክለኛ ዕፍረት ነው፤ ሰሚውን አክብሮ አለመዘጋጀት ነውር ነውና። ይሉኝታችንን ሁሉ እንደ በሽታ አድርገው የሚሰብኩ ሰዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ ብዬ አስባለሁ። ተዘጋጅቶ፣ ተግቶ፣ ግን በዚያች ሰዓት የተሰናከለ ወንድም ወይም እህት በዚህ ነውር ውስጥ የለበትም። ችግራችን ሁለቱን በአንድ ሳቅ መሳቃችን ነው።

ዳዊት የሳኦልን የጦር ልብስ ለብሶ መራመድ ሲያቅተው ያልለመደው መሆኑን ተናግሮ አወለቀው። በንጉሥና በሠራዊት ፊት አልቻልኩም ማለት ቀላል አልነበረም። የለመደውን ወንጭፍ ግን ያዘ። ሠራዊቱ ያየው የአንድ ቀን ድንጋይ ነው፤ በበጎቹ መካከል፣ አንበሳና ድብ በመጡበት ቀን የሆነውን ያየ ሰው አልነበረም። ወንጭፍ ይዞ ከብት የጠበቀ የጃማና የቦረና ልጅ አንዲት ድንጋይ ዒላማዋን እንድትመታ ስንቷ ቀድማ እንደምትስት ያውቃል።

እህታችንን በካልጋሪ ያሉ ያገሯ ሰዎች «ለዚህ ነው ካናዳ የሄድሽው?» ይሏታል። ገንዘብም ጊዜም ይወስዳልና ጥያቄው ከንቱ አይደለም። ጳውሎስም ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሰውነትን ማለማመድ ጥቅሙ ለጥቂት ነገር እንደሆነ ይናገራል፤ ጥቂት አለ እንጂ ከንቱ አላለም። እርሷ የመለሰችልኝ ግን ከሥራዋ ተነሥታ ነው። በመጦሪያው ካሉት አረጋውያን ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ከወደቁ በኋላ መውደቅን ፈርተው መራመድ ይተዋሉ። ባለመራመዳቸው እግራቸው ይደክማል፤ እግራቸው በመድከሙ የመውደቅ ዕድላቸው ይጨምራል። በበረዶ ሜዳው ደግሞ የመጀመሪያው ቀን ትምህርት መንሸራተት አልነበረም፤ አወዳደቅ ነበር። ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ማለት፣ ወደ ጎን መውደቅ፣ የሌላ ሰው ብረት እንዳያገኘው ጣትን መጨበጥ፣ ተንበርክኮ አንድ እግር ማስቀደም፣ መነሣት። «ጋሼ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰዎች አትውደቂ ሲሉኝ ነው የኖርኩት፤ እንዴት እንደሚወደቅ ያስተማረኝ ሰው የለም» አለችኝ። ይህን መልእክት ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ።

የእኛም አገር ሰው በበረዶ ላይ ወጥቶ ያውቃል። አዲስ አበባ የተወለደውና የበረዶ ላይ ስኪን በአሜሪካ የተማረው ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በጣሊያን፣ ቱሪን በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ባንዲራችንን ይዞ ገባ። ኢትዮጵያ በክረምት ኦሊምፒክ ስትሳተፍ ያ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ስፖርተኛውም እርሱ ብቻ። በ15 ኪሎ ሜትር ውድድር 83ኛ ወጣ። ከአራት ዓመት በኋላ ቫንኩቨር ላይ 93ኛ ሆነ። በአበበ ቢቂላና በደራርቱ ቱሉ ላደግን ለእኛ 83ኛ የሚለው ቁጥር ጆሮ ላይ ይጎረብጣል። አንደኛ ላልወጣ ሁሉ ያለን ቃል አንድ ነው፤ ተሸነፈ። በዚህ ቃል ብቻ ከተለካ ደግሞ ጀማሪ የሚባል ሰው በመካከላችን ሊቆም አይችልም፤ ጀማሪ ሁልጊዜ ኋላ ነውና። ሮቤል አንደኛ የሆነበት ነገርም አለ፤ ከእርሱ በፊት ከእኛ የሄደ አልነበረም።

እስከ አሁን መስመሩን አመስግኛለሁ። መስመሩ የማይናገረው ነገር ስላለ ግን ይህን ሳልጨምር ብተው ደስ አይለኝም።

የስዊዘርላንዷ ሉሲንዳ ሩህ የሽክርክሪት ንግሥት ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ እግሯ ሳታቋርጥ 115 ጊዜ ዞራ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። ሰው አፉን ከፍቶ ያያት ነበር። በኋላ በጻፈችው የሕይወት ታሪኳ እንደገለጸችው ግን ያ ሁሉ መሽከርከር አንጎሏን ደጋግሞ በጥቂት በጥቂቱ አናውጦት ለብርቱ ሕመም ዳርጓታል። ከእግሯ ሥር የነበሩት ክቦች በላይ በላይ የተደራረቡ፣ ጎንበስ ብሎ የሚመረምር ዳኛ ምንም የማያወጣላቸው ነበሩ። መስመሩ ትጋትን ያሳያል፤ ጉዳትን አያሳይም። በየሳምንቱ በሦስት ፕሮግራም የሚያገለግል፣ ድምፁ የማይሰበር፣ ሰዓት የማያሳልፍ ወጣት በየአጥቢያችን አለ። እርሱንም ከውጭ ያየ ሰው ምንም ጎደሎ አያገኝበትም።

ሲዞሩ ማዞሩ ያለ ነው። በጆሯችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ እኛ ከቆምን በኋላም መንቀሳቀሱን ስለሚቀጥል ዓይን ቆሞ ሳለ ዓለም የሚዞር ይመስለዋል። የባሌት ዳንሰኞች ራሳቸውን ዘወር እያደረጉ አንድ ነጥብ ላይ በማየት ይከላከሉታል፤ በበረዶ ላይ ግን ፍጥነቱ ይህን አይፈቅድም። መፍትሔው መለማመድ ብቻ ነው፤ አንጎል ቀስ እያለ ይለምደዋል። እህታችን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁለት ጊዜ ዞራ ግድግዳ ትይዝ ነበር። አሁን በአንድ እግሯ ሦስት ዙር ደርሳለች፤ ከጎኗ ያለችው የስድስት ዓመቷ ልጅ ሰባት ትዞራለች። አሠልጣኟ ስለ ማዞሩ የሰጠቻት መመሪያ አጭር ነው፤ ሜዳው ላይ እስካለሽ ቢያዞርሽ ቁሚና እስኪያልፍ ጠብቂ፣ ቤትሽ ድረስ ከተከተለሽ ግን ደውዪልኝ። አንድ ጊዜ ተከትሏት ደውላለች። ለሁለት ሳምንት አትዙሪ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ተንሸራተቺ ተባለች፤ እንደዚያም አደረገች።